በአዳማ በጥርስ ሕክምና ጥፋት የተጎዳ ታካሚ ጤናውንና መብቱን እንዴት ያስከብራል?

የአዳማ የጥርስ ክሊኒኮች የከተማዋን ነዋሪ ብቻ ሳይሆን ከሞጆ፣ ከወንጂ፣ ከወለንጪቲና ከመተሐራ ጥርሱን ታሞ የሚመጣውንም ሰው ያስተናግዳሉ። አብዛኛው ሕክምና ያለ ችግር ይጠናቀቃል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ግን ሕክምናው በጉዳት ላበቃባቸው ሰዎች ነው፤ ይኸውም የታመመው ቀርቶ ጤነኛው ጥርስ ለተነቀለባቸው፣ ከንቅለት በኋላ ከንፈራቸው ወይም ምላሳቸው ደንዝዞ ለቀረባቸው፣ በጥርሳቸው ሥር ውስጥ የተሰበረ መሣሪያ መኖሩ ሳይነገራቸው ወደ ቤት ለተሸኙ ታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው ነው።

እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የጥርስ ሕክምና ክርክር በአብዛኛው የሚወሰነው ችሎት ፊት በሚደረገው ንግግር ሳይሆን ጉዳቱ በታወቀባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት በተሰበሰበው ወረቀት ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት እርምጃዎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ቢፈጸሙ ይመረጣል፤ ከክሊኒኩ ጋር የሚደረገው ጭቅጭቅ ካርዱና ራጁ እጅ ከገቡ በኋላ ይደረስበታል።

ከሁሉ በፊት ሕክምና

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ከመንጋጋ ሥር ወይም አንገት ላይ የሚጨምር እብጠት፣ ትኩሳት፣ አፍ ለመክፈት ወይም ምራቅ ለመዋጥ መቸገር፣ ከዚያም አልፎ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ይህ ቀጠሮ የሚጠበቅለት ነገር አይደለም። ከጥርስ የተነሣ ኢንፌክሽን ወደ አንገት ሲወርድ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋና ሕይወትን ሊቀጥፍ ስለሚችል ታካሚው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ንጹሕ ጎዝ ነክሰው ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢጫኑትም የማይቆም ደም፣ እንዲሁም የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚጠጡት ውኃ በአፍንጫ መውጣት በቶሎ መታየት ያለባቸው ምልክቶች ናቸው። የኋለኛው በጥርሱ ሥርና ከጉንጭ አጥንት ጀርባ ባለው ባዶ ክፍተት መካከል ቀዳዳ መከፈቱን ያመለክታል።

የተሠራበት መሣሪያ በአግባቡ ያልተቀቀለ ነው ብለው የሚጠረጥሩ ከሆነ ደግሞ ሰዓት ይቆጠራል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ሊጠቅም የሚችለው ተጋላጭነቱ ከተፈጠረ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ብቻ ነው። በዚያው ቀን የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ የደም ምርመራ ማድረግ ሁለት ጥቅም አለው፤ አንዱ የጤና ሲሆን ሌላው የማስረጃ ነው። ቫይረሶቹ በደም ምርመራ የሚታዩት ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ በዕለቱ ነጻ ሆኖ የተገኘ ውጤት ሰውየው ወደ ክሊኒኩ ሲገባ በሽታው እንዳልነበረበት ያሳያል። ይህ ውጤት የሌለው ሰው በሽታው የመጣው ከዚያ ወንበር ላይ መሆኑን ለማስረዳት እጅግ ይቸገራል።

ጉዳት ሁሉ ጥፋት አይደለም

ይህ ክፍል ብዙ ተጎጂዎች ሊሰሙት የማይወዱት ቢሆንም ሳይገነዘቡት የሚጀመር ክስ ገንዘብና ዕድሜ ይጨርሳል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2639 የሕክምና ውልን ሲተረጉም ሐኪሙ የታካሚውን ጤና ለመጠበቅ ወይም ለማዳን የተቻለውን ሁሉ ለማድረግ የሚገባው ግዴታ አድርጎ ነው። ስለዚህ ሐኪም የሚጠየቀው ሕመሙ ስላልዳነ ሳይሆን ጥፋት ስለፈጸመ ነው። ጥፋት ምን እንደሆነ ደግሞ አንቀጽ 2031 ይነግረናል፤ ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፤ ባለመጠንቀቅ ወይም በቸልተኝነት የሳይንሱን እውነታ ወይም በሙያው የታወቀውን አሠራር ችላ ብሎ ከተገኘ ኃላፊ ይሆናል።

በተግባር ልዩነቱ እንዲህ ይታያል። ጥርስ ከተነቀለ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ የሚነሣው፣ ወደ ጆሮ የሚዘልቀው ከባድ ሕመም ብዙውን ጊዜ በንቅለቱ ጉድጓድ ውስጥ የረጋው ደም ያለ ጊዜው በመውጣቱ የሚመጣ ነው፤ ጎበዝ ሐኪም በትክክል በነቀለው ጥርስም ላይ ይደርሳል። የበሰበሰ ጥርስ ሲነቀል የሥሩ ጫፍ ሊሰበር ይችላል። በሥር ሕክምና ጊዜ የምትገባው ቀጭን የማጽጃ መርፌም በጠመዝማዛ ሥር ውስጥ ልትሰበር ትችላለች። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ሲነቀል ከሥሮቹ በታች በአጥንቱ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተነክቶ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ይችላል፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ድንዛዜም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃል። እነዚህ ሁሉ ብቻቸውን የሐኪሙን ጥፋት አያረጋግጡም።

በአንጻሩ ጤነኛ ጥርስ በስሕተት መንቀል ሊከላከሉለት የሚያስቸግር ጥፋት ነው። በአጥንት ውስጥ የተቀበረ የመጨረሻ መንጋጋን ያለ ራጅ ለመንቀል መሞከር፣ ታካሚው የደም ማቅጠኛ መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም እንዳለበት፣ ነፍሰ ጡር እንደሆነች ሳይጠይቁ ወደ ሥራ መግባት፣ ለድልድይ ጥርስ (በጎንና ጎኑ ባሉት ጥርሶች ላይ ተደግፎ የጎደለውን ለሚተካ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ሲባል ጤነኛ ጥርሶችን ታካሚው ሳይስማማ መሞረድ፣ የሙያ ፈቃዱ የማይሸፍነውን ቀዶ ሕክምና መሥራት በዚሁ ረድፍ ይገባሉ። መሣሪያ መሰበሩ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ መሰበሩን አውቆ ለታካሚው ሳይናገሩ ከላዩ ሞልቶ መሸኘት ግን ሌላ ነገር ነው። በእኔ እምነት ከብዙ ስሕተቶች ይልቅ የሚከብደው ይህ ዝምታ ነው፤ ታካሚው በቶሎ ሊታረም ይችል የነበረውን ጉዳት ይዞ ወራት እንዲቆይ ያደርገዋልና።

የታካሚው ፈቃድ የሚባለውም ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ወይም የቀዶ ሕክምና ምርመራንና አገልግሎትን ለመቀበል እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እምቢ ለማለትም ሆነ እሺ ለማለት የሚደረገውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አፉን ከፍቶ ወንበሩ ላይ የተኛ ሰው ለሁሉም ነገር ተስማምቷል ማለት አይደለም፤ አንድ ጥርስ ለማስሞላት የገባ ታካሚ ሁለት ጥርስ ተነቅሎለት ቢወጣ ሥራው በጥራት የተሠራ እንኳ ቢሆን ጥያቄው ይነሣል።

ካርዱና ራጁ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ክሊኒኩ ስለ እርስዎ የሚያውቀው ሁሉ በካርድዎ ላይ ተጽፏል፤ ወይም መጻፍ ነበረበት። ምን እንዳመመዎት፣ ምን ምርመራ እንደተደረገ፣ የትኛው ጥርስ እንደተሠራ፣ ምን ማደንዘዣ እንደተወጉ፣ ማን እንደሠራዎት የሚታየው እዚያ ነው። ቅሬታ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ካርድ ጠፋ ሊባል፣ መስመር ሊጨመርበት ወይም አዲስ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ቅሬታዎን ከመናገርዎ በፊት ለሌላ ሐኪም ማሳየት እንደሚፈልጉ ገልጸው የካርዱን ሙሉ ቅጂና የራጁን ምስል በትሕትና ይጠይቁ። ይህ እውነት ነው፤ ለሌላ ሐኪም በእርግጥ ማሳየት አለብዎት።

በቃል የተጠየቀው ካልተሰጠ ጥያቄውን በሁለት ቅጂ በጽሑፍ ያቅርቡ። ስምዎን፣ የካርድ ቁጥርዎን፣ የታከሙበትን ቀንና የሚጠይቁትን ሰነድ ይግለጹ፤ አንዱን ቅጂ ለክሊኒኩ ሰጥተው በሌላው ላይ የተቀባዩን ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። አልቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ መላክ ይቻላል። የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ መጠየቅዎን ያስረዳል፤ ክሊኒኩ ሰነድ ከደበቀም ፍርድ ቤቱ ሰነዱን እንዲያቀርብ እንዲያዝዘው ኋላ ለማመልከት መነሻ ይሆናል። ራጁ በኮምፒዩተር የተነሣ ከሆነ በስልክ ከስክሪኑ የተነሣ ፎቶ ብቻ ሳይሆን ፋይሉ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም እንዲላክልዎት ይጠይቁ፤ ፋይሉ የተነሣበትን ቀን ይዞ ይመጣል።

ካርዱ ሲደርስዎት ቁጥሮቹን ማንበብ ይቻላል። የጥርስ ባለሙያዎች አፍን በአራት ከፍለው ለታካሚው የላይኛው ቀኝ 1፣ የላይኛው ግራ 2፣ የታችኛው ግራ 3፣ የታችኛው ቀኝ 4 ብለው ይሰይማሉ፤ ከዚያ በየክፍሉ ከፊት ጥርስ ጀምረው እስከ መጨረሻው መንጋጋ ከ1 እስከ 8 ይቆጥራሉ። ስለዚህ ካርድ ላይ 46 ተብሎ ከተጻፈ ከታች በቀኝ በኩል ስድስተኛው ጥርስ ማለት ነው። እንበልና ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ ያላት አንዲት እናት 46 እንዲነቀልላት ተጽፎላት ባዶ የሆነው ቦታ የ47 ቢሆን፣ በካርዱና በአፏ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ብቻውን ብዙ ይናገራል። የልጆች የወተት ጥርሶች በዚሁ ሥርዓት ከ5 እስከ 8 ባሉት ቁጥሮች ስለሚጀምሩ የልጅ ካርድ ላይ 75 ወይም 85 ቢያዩ አይደናገሩ።

ቀኖቹንም ያጣሩ። አንዳንድ ካርድ በኢትዮጵያ፣ አንዳንዱ በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል፤ በአንድ ካርድ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ሊገኙም ይችላሉ። ኋላ ስለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረብ ስለሚቻልበት የጊዜ ገደብ ሲቆጠር ይህ መደበላለቅ ችግር እንዳይፈጥር በራስዎ ማስታወሻ ላይ ሁሉንም ቀን በአንድ አቆጣጠር አድርገው ይጻፉ።

ከካርዱ ሌላ የሚቀመጡ ነገሮች አሉ። የተነቀለው ጥርስ ከተሰጠዎት በንጹሕ ዕቃ ያስቀምጡት፤ ጤነኛ ይሁን የበሰበሰ ጥርሱ ራሱ ያሳያል። እብጠቱን በየቀኑ በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶ ያንሡ። ከንፈር ወይም አገጭ ከደነዘዘ የደነዘዘውን ቦታ ድንበር በእስክሪብቶ አስምረው ፎቶ ያንሡና በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙት፤ ድንዛዜው እየጠበበ ወይም ባለበት እየቆየ መሆኑ በዚህ ይታያል። ከክሊኒኩ ጋር የተጻጻፏቸውን መልእክቶች አያጥፉ። ደረሰኝ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱ ካሳ በሚለው ክፍል ይታያል። ክፍያውን በሞባይል ባንክ ፈጽመው ከሆነ የማረጋገጫ መልእክቱን ያስቀምጡ፤ በእጅ ከከፈሉ ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቁ።

ሁለተኛ ሐኪም

ሁለተኛው ሐኪም ከመጀመሪያው ክሊኒክ ጋር በሥራም ሆነ በዝምድና ያልተያያዘ ቢሆን ይመረጣል። አዳማ ውስጥ የጥርስ ባለሙያዎች እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ አንዳንዱ ስለ ባልደረባው ሥራ መጻፍ ይከብደዋል፤ ይህን ማማረር አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ እዚያ ያለ ሆስፒታል መታየት ይቻላል። የአውቶቡስ ትኬትዎንም አይጣሉ።

ለዚህ ሐኪም የሚቀርበው ጥያቄ አቀራረብ ውጤቱን ይለውጠዋል። «ያኛው ሐኪም አጥፍቷል ብለህ ጻፍልኝ» የሚል ታካሚ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይልቁንም ዛሬ አፍዎ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ምን ሕክምና እንደሚያስፈልግና ወጪው ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ሐኪም ያየውን ለመጻፍ አይቸገርም፤ ጥፋት መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ሌላ አካል ነው። ጉዳቱ ቋሚ ሆኖ ከቀረ የአካል ጉዳት መጠንን በመቶኛ የሚወስን የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ያስፈልግዎታል፤ ለዚህ ግን ቁስሉ መዳኑን፣ ድንዛዜው እንደማይመለስ መታወቁን መጠበቅ ግድ ነው።

የታዘዘልዎትን ሕክምናም ይከታተሉ። ሕጉ ለጉዳቱ መባባስ ተጎጂው ራሱ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳው እንዲቀንስ ስለሚያደርግ ቀጠሮ የቀረ፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ፣ በተነቀለበት ማግስት ያጨሰ ሰው ከሳሽ ሆኖ ሲቀርብ ይህ ይነሣበታል።

ከክሊኒኩ ጋር መነጋገርና የሽማግሌ ነገር

ሰነዱ ከተሰበሰበ በኋላ ከክሊኒኩ ኃላፊ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። ብዙ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እዚህ ያልቃል፤ ጥሩ ክሊኒክ ስሕተቱን አምኖ የማረሚያውን ሕክምና በሌላ ባለሙያ በራሱ ወጪ ያሠራል። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የደረሰውን፣ የሚጠይቁትንና መልስ የሚጠብቁበትን ቀን ያስፍሩበት። ክሱ በውል ላይ ተመሥርቶ የሚቀርብ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ስለሚጠይቅ ይህ ደብዳቤ ኋላ ይጠቅማል።

ሽማግሌ መላክ በእኛ ዘንድ የተከበረ ወግ ነው፤ የሐኪሙ ቤተሰብ ሽማግሌ ቢልክ ማሳፈር አይገባም። ነገር ግን የሚፈርሙትን ያንብቡ። በጽሑፍ የተደረገ የዕርቅ ስምምነት በአንቀጽ 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደማይባልበት የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ገና እብጠቱ ሳይጎድል፣ ነርቩ ይመለስ አይመለስ ሳይታወቅ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ የፈረመ ታካሚ ከስድስት ወር በኋላ ድንዛዜው ቋሚ ነው ቢባል በሩ ተዘግቶበታል። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት «አባቶቼ፣ ዕርቁን እቀበላለሁ፤ የሕክምናው መጨረሻ እስኪታወቅ ግን ጊዜ ስጡኝ» ማለት ይቻላል። የሚቀበሉት ገንዘብ ለተወሰነ የሕክምና ወጪ ብቻ ከሆነም ይኸው በግልጽ ይጻፍ፤ ስለ ወደፊት ጉዳት ያለዎት መብት እንደተጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይካተት።

በዚህ መካከል የክሊኒኩን ስም እየጠሩ በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ መለጠፍ ብዙ ጊዜ ተጎጂውን ተከሳሽ ያደርገዋል። ስም ማጥፋት በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም ያስጠይቃል፤ ንዴትዎ ተገቢ ቢሆንም ቦታው አቤቱታ የሚሰማው መሥሪያ ቤት ነው።

ለጤና ተቆጣጣሪ አካል የሚቀርብ አቤቱታ

በአዳማ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ይህ መንገድ ካሳ አያስገኝም፤ የሚያስገኘው ምርመራና አስተዳደራዊ እርምጃ ነው፤ ይኸውም ማስጠንቀቂያ፣ የሙያ ፈቃድ ማገድ ወይም መሰረዝ፣ ክሊኒኩን ማሸግ ነው። ሆኖም ለካሳው ክርክር የሚያበረክተው ከፍተኛ ነው። የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር የሚመለከት ኮሚቴ ጉዳዩን አይቶ የሙያ ግድፈት ተፈጽሟል ብሎ ከወሰነ ውሳኔው በፍርድ ቤት ክብደት የሚሰጠው የባለሙያ አስተያየት ይሆናል፤ ተጎጂው ራሱ ከፍሎ ባለሙያ ምስክር ከመፈለግ ይድናል። በዚህ ምክንያት ከክሱ አስቀድሞ ይህን አቤቱታ ማቅረብን እመክራለሁ፤ ግን መልሱን እየጠበቁ የክስ ጊዜ እንዳያልፍብዎት ይጠንቀቁ።

አቤቱታው አጭር ይሁን። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እንደሠራ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰ፣ ምን እንደሚጠይቁ በቀን ቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ዋናው ሰነድ በእጅዎ ቀርቶ ቅጂው ይያያዝ። የሠራዎት ሰው የሙያ ፈቃድ እንዳለውና ፈቃዱ ለዚያ ዓይነት ሥራ መሆኑ እንዲጣራልዎት በግልጽ ይጠይቁ። የጥርስ ሐኪም፣ የጥርስ ቴራፒስትና አርቲፊሻል ጥርስ የሚሠራ ቴክኒሻን በነጭ ጋውን ሲታዩ ቢመሳሰሉም የሥራ ወሰናቸው የተለያየ ነው። ፈቃድ ሳይኖር ሕክምና መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ወንጀልን በተመለከተ

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት አካል ማጉደልን በአንቀጽ 559 ያስቀጣል፤ እንደ ሐኪም ያለ የሌላውን ሰው ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ሰው ከሞተ አንቀጽ 543 ይጠቀሳል። ወደ ፖሊስ የሚሄድ ሰው ሳይውል ሳያድር ይሂድ፤ ፖሊሱ ለሆስፒታል የሚጽፈው የምርመራ መጠየቂያ ደብዳቤ ጉዳቱን በወቅቱ ያስመዘግባል። ዐቃቤ ሕግ ክስ አልመሠርትም ቢል ወይም ሐኪሙ በነጻ ቢሰናበት ካሳ የመጠየቅ መብትዎ አብሮ አይሞትም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎቱ የነጻ ውሳኔ እንደማይገደድ ይገልጻል።

የካሳ ክስ

መጀመሪያ የሚቆጠረው ጊዜ ነው። ከውል ውጭ በሚደርስ ጉዳት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አንቀጽ 2143 ይደነግጋል፤ ድርጊቱ በወንጀል የሚያስቀጣና የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ያለ ከሆነ ረዥሙ ይሠራል። በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ በአንቀጽ 1845 አሥር ዓመት አለው። ጉዳዩ የትኛው ነው የሚለው ራሱ አከራካሪ ሊሆን ስለሚችል ጥንቁቅ ሰው አሥሩን ትቶ ሁለቱን ይቆጥራል።

ቀጥሎ ማን ይከሰስ የሚለው ነው። አንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋም በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት በታካሚው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ እንደሚሆን ስለሚደነግግ ተቋሙንና ባለሙያውን አንድ ላይ መክሰስ ይቻላል። ክሊኒኩ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ማኅበሩ ይከሰሳል፤ የአንድ ግለሰብ ንግድ ከሆነ ግን ሰሌዳው ላይ ያለው የንግድ ስም ብቻውን የሕግ ሰውነት ስለሌለው የባለቤቱ ስም በክሱ ላይ መጻፍ አለበት። ይህን ከንግድ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማጣራት ክሱ በማያስፈልግ መቃወሚያ እንዳይጓተት ያደርጋል። ጉዳቱ የደረሰው በመንግሥት ጤና ተቋም ከሆነ አንቀጽ 2126 በሥራ ጥፋት መንግሥትን ለመጠየቅ ይፈቅዳል። ክሱ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ይቀርባል።

በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ብቻ የሚጽፍ ባለጉዳይ የክስ ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ የሚያዘጋጅለት ሰው ይፈልጋል፤ የሕክምና ካርዱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ሕጋዊ ትርጉም ያስፈልገዋል። ለሕክምና ክርክር ግን ከማመልከቻ ጸሐፊ ይልቅ በክልሉ ለመሟገት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይሻላል። የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም የከሳሹ በመሆኑ ፍርድ ቤቱ ከአዳማ ውጭ ካለ ሆስፒታል የልዩ አዋቂ አስተያየት እንዲያስቀርብ በክሱ ማመልከቻ ላይ ከመነሻው ይጠየቅ።

ካሳው እንዴት ይሰላል? መርሑ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2091 የተቀመጠው ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን የሚለው ነው። የተከፈለው የሕክምና ገንዘብ፣ የማረሚያው ሕክምና፣ መድኃኒት፣ መጓጓዣ፣ ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት ገቢ እዚህ ይገባሉ። መድረሱ የማይቀር የወደፊት ጉዳትም በአንቀጽ 2092 መሠረት ጊዜው ሳይደርስ ሊጠየቅ ይችላል፤ ለምሳሌ የጠፋው ጥርስ በድልድይ ወይም በኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) እንዲተካ ከሌላ ክሊኒክ ፕሮፎርማ ይወሰዳል። ስለ ሕመሙ፣ ስለ መልኩ መበላሸት፣ ስለ ደረሰው ሰቀቀን የሚከፈለው የኅሊና ጉዳት ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ይህ ቁጥር ሕጉ በ1952 ሲወጣ የተቀመጠ ነው። ዛሬ የፊት ጥርሷን አጥታ መሣቅ ላፈረች ወጣት 1,000 ብር ምን ያህል ነው? ሕጉ መሻሻል እንዳለበት በጽኑ አምናለሁ፤ እስኪሻሻል ድረስ ግን ተጎጂው ተስፋውን በኅሊና ካሳ ላይ ሳይሆን በማስረጃ በተደገፈ ቁሳዊ ጉዳት ላይ ማድረግ አለበት። ደረሰኝ፣ ትኬት፣ ፕሮፎርማ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የንግድ ገቢ መግለጫ ዋጋቸው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። የጉዳቱ መጠን በትክክል ሊሰላ ካልቻለ ዳኛው በአንቀጽ 2102 በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ብሎ ባመነበት መጠን ሊወስን ይችላል፤ ቢሆንም ዳኛው የሚመዝነው ነገር ያቀረበለት ሰው የተሻለ ውሳኔ ያገኛል።

ተጎጂው ሕፃን ከሆነ ወላጅ ወይም ሞግዚት በልጁ ስም ይከሳል። ወላጆች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የልጅ ቋሚ ጥርስ በስሕተት ተነቅሎ ከሆነ መንጋጋው ገና ስለሚያድግ ኢምፕላንት ወዲያው አይተከልም፤ እድገቱ እስኪያበቃ ድረስ ቦታ ጠባቂ መሣሪያ፣ ከዚያም መተኪያው ያስፈልጋል። ስለዚህ የጥርስ ሐኪሙ የዓመታቱን ወጪ ሁሉ ዘርዝሮ እንዲጽፍላቸው ይጠይቁ እንጂ የዛሬውን ብቻ ይዘው ወደ ክስ አይሂዱ።

ውሳኔው ያላረካው ወገን በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። የውሳኔውን ግልባጭ በተነገረበት ሳምንት ይጠይቁ፤ ግልባጩ የተጠየቀበትንና የተሰጠበትን ቀን የሚያሳይ ማረጋገጫም አብረው ይውሰዱ፤ ምክንያቱም የይግባኙ ሬጅስትራር ጊዜውን የሚያሰላው ከዚያ ነው።